ቅቤ የበዛበት ሳምንት

«ጨጓራ ነው» አለ አባቷ፣ ዳግማዊት አፏን ከመክፈቷ በፊት።

እናቷ እታገኘሁ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። መጀመሪያ ባሏን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ ቀጥላ ልጇን አየች። «ጨጓራ ብቻ?»

«ጨጓራ ብቻ። ቀላል ነው ብለዋል። መድኃኒትም ሰጥተውኛል» አለ ከፋለ የኮት ኪሱን መታ መታ እያደረገ።

ኪሱ ውስጥ መድኃኒት እንደሌለ ዳግማዊት ታውቃለች። ያለው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው።

«ተመስገን! እኔ እኮ ስንቱን ሳስብ ነው የዋልኩት።» እታገኘሁ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች፤ ወዲያው ደግሞ ሥራ አገኘች። «በል አረፍ በል። ጨጓራ ባዶ ሆድ አይወድም። ዳጊ፣ ያንን ወተት አሙቂለት። ቅቤም ጣል አድርጊበት፤ ያለሰልሰዋል።»

ዳግማዊት ወደ ጓዳ ገባች። ክብሪቱ በሦስተኛው ጭረት ነው የተቀጣጠለላት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ለእናቷ ከዋሸችው ሁሉ ትልቁ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቷ ነበር። አሁን ግን አንድም ቃል ሳትናገር፣ ዝም በማለት ብቻ፣ ከዚያ የሚበልጥ ውሸት ውስጥ እንደገባች ተሰማት። ቅቤው በወተቱ ላይ ቢጫ ክብ ሠርቶ ሲቀልጥ ቆማ አየችው።

ነገሩ የተጀመረው ያን ዕለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው።

«አባትሽ ብቻውን ከሄደ ከበሩ ነው የሚመለሰው» ብላ አብራ የላከቻት እናቷ ናት። እሷ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነጠላና የአንገት መስቀል የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት፤ ጎብኚ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ቀን አትዘጋትም። ዳግማዊት ደግሞ የከሰዓት ተማሪ ናት።

ሐኪሟ ዶክተር እምነት የምትባል ወጣት ነበረች። በከፋለ ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት፣ በስክሪኑ ላይ ግራጫ ጉም የመሰለ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ይኼ ጉበትዎ ነው» አለች። «እንዲህ ነጣ ብሎ የሚታየው ደግሞ ስብ ነው። ጉበትዎ ውስጥ ስብ ተከማችቷል።»

ከፋለ ከአልጋው ቀና አለ። «ዶክተር፣ ተሳስተው እንዳይሆን። እኔ ጠላ እንኳ አልቀምስም። ስእለት አለብኝ፤ ሃያ ዓመቴ ነው።»

«ይጠጣሉ አላልኩም። ይኼኛው ያለ መጠጥም ይመጣል። ለስላሳስ ያዘወትራሉ?»

ከፋለ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ዳግማዊት መልሱን ታውቃለች። ላሊበላ ውስጥ የማያውቀው ሰውም ጥቂት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የከፋለ ታናሽ ወንድም ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ገደል ገብቶ ሞተ። ከፋለም ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ የአልኮል ጠብታ በአፉ ላይዞር ተሳለ። ሰው ሁሉ ስእለቱን አከበረለት። ስላከበረለትም በየማኅበሩ፣ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ገና ከበር ብቅ ሲል «ለከፋለ ለስላሳ!» ይባላል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ማቅረብ ንፍገት ይመስላል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ተብሎ ይከፈታል።

ድሮ ያን ያህል አልጎዳው ይሆናል። አስጎብኚ ነው፤ እንግዶች ይዞ በቀን ሁለት ጊዜ አሸተን ማርያም ተራራ ወጥቶ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፤ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዶቹ ቀሩ። ከፋለ አንድ ሆቴል በር ላይ ወንበር ይዞ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ጀመረ። ወጥ ቤቶቹ ወዳጆቹ ናቸው፤ የተጠበሰ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ የተረፈ ፓስታ ይልኩለታል። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። የከተማው ሰው ደግሞ «ከፋለ፣ አማረብህ! ደላህ!» አለው። ሆዱ ሲነፋው ለስላሳ ይከፍትና፣ ሲያገሳ «ይኸው፣ ገፋልኝ» ይላል።

«ሆድዎን ይነፋዎታል?» አለች ሐኪሟ።

«እሱማ ዋናው እሱ አይደል። እሱ ነው ያመጣኝ።»

«ሰገራስ? በሳምንት ስንት ጊዜ ይወጣሉ?»

ከፋለ አንገቱን ወደ ልጁ አዞረ። «ዳጊ፣ እስቲ በመስኮቱ ተመልከች።»

«ምኑን?»

«የሚታየውን።»

ዳግማዊት ዞረች። ጣሪያው ላይ ቁራዎች ነበሩ፤ አምስት ቆጠረች። ነገር ግን በመስኮቱ መስታወት ላይ የአባቷ እጅ ሲነሳ ታያት። ሁለት ጣት።

«በሳምንት ሁለት» አለች ሐኪሟ ምንም ሳይመስላት እየጻፈች። «ይኼ ከጉበትዎ የተለየ ጉዳይ እንዳይመስልዎ። አንጀትና ጉበት ጎረቤታሞች ናቸው። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ነገር አብዛኛው መጀመሪያ የሚሄደው ጉበት ጋ ነው፤ በአንድ ትልቅ የደም ሥር። አንጀት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ እልፍ ጥቃቅን ነዋሪዎች አሉ። ጠቃሚዎቹ የሚበሉት አሰር ያለውን ምግብ ነው፦ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ገብሱን። እነሱ ሲራቡ ጎጂዎቹ ይበዛሉ። የአንጀት ግድግዳም ይሳሳል። ማለፍ የሌለበት ነገር ሾልኮ ጉበቱ ላይ ይደርሳል፤ ጉበቱም ይቆጣል። ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለው፤ ግን የአንዱ ጤና ለሌላው እንደሚተርፍ እናውቃለን።»

«አሁን መዞር እችላለሁ?» አለች ዳግማዊት ከመስኮቱ።

ሐኪሟ ሳቀች። ከፋለ አልሳቀም። «መድኃኒቱስ፣ ዶክተር?»

«ለጊዜው መድኃኒቱ ይኼ ነው» ብላ ወረቀቱን ሰጠችው። ለስላሳ የለም። ነጭ ዳቦና ጥብሳ ጥብስ ይቀነስ። ጥራጥሬና አትክልት ይብዛ፤ ውኃ ይጠጣ፤ በየቀኑ ይሄድ፣ ላብ እስኪመጣ። «ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አያለሁ። ገና በጊዜው ነው፤ ሊመለስ ይችላል። ችላ ካሉት ግን ጉበቱ እየቆሰለ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ያኔ እንዲህ እየሳቅን አናወራም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከፋለ ቆመ።

«እናትሽ እንዳትሰማ።»

«ለምን? ከመጠጥ አይደለም ብላለች እኮ።»

«እሷ ያለችውን ማን ይሰማል? ሰው የሚሰማው ‹ጉበት› የሚለውን ነው። የኛ አገር ሰው ከአንድ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያወጣ ነው፤ ከአንድ ቃል ምን እንደሚያወጣ አስቢው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «‹ከፋለ ሃያ ዓመት ተደብቆ ሲጠጣ ኖሯል› ይባላል። ለወንድሜ የተሳልኩት ነው፣ ልጄ።»

«እማዬም እንደዛ ታስባለች?»

«እሷ ባታስብ እንኳ ትጨነቃለች። ስትጨነቅ ለእህቷ ትነግራለች። እህቷ ደግሞ…» እጁን ዘርግቶ ከተማውን በሙሉ አሳያት። «ማርያምን በይ።»

«እሺ፣ አልናገርም» አለች ዳግማዊት። ማርያምን ግን አላለችም። አባቷም አላስገደዳትም።

ሳምንቱ የቅበላ ሳምንት ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ዐቢይ ጾም ሊገባ በየቤቱ ቅቤ የሚነጠርበት፣ ወተት የማይነፈግበት ጊዜ ነው። እታገኘሁ ስለ ጨጓራ የምታውቀውን ሁሉ አወጣች። የጎረቤት ምክርም ጨመረችበት። ሽሮ ተከለከለ፤ ባቄላ ተከለከለ፤ ጎመን «ይከብደዋል» ተብሎ ተከለከለ። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር፣ ጠዋት ወተት በቅቤ፤ ቀን ነጭ ዳቦ በቅቤ፤ ማታ መኮሮኒ፣ እሱም በቅቤ። ከሱቋ ስትመለስ ሳታርፍ ወደ ምድጃው ትሄዳለች። ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ እስኪጨርስ ታየዋለች።

«ቀለል አለህ?»

«ቀለል ብሎኛል።»

«እሰይ። ትንሽ ልጨምርልህ?»

ከፋለ በኩባያው አፍ ላይ አሻግሮ ዳግማዊትን ያያታል። ዳግማዊት ደብተሯን ታያለች። እናቷን እንዲህ ደስ ብሏት ካየቻት ቆይቷል፤ ዳግማዊትን የሚያስከፋትም ይኸው ነበር።

ረቡዕ ዕለት፣ በእረፍት ሰዓት፣ የዳግማዊት ጓደኛ አመተ ማርያም የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀች አጠገቧ ተቀመጠች። የክፍሉ ልጆች «አሙ» ይሏታል።

«ምነው ዛሬ ሙድሽ ጠፋ?»

«ምንም። አሙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አንድ ሰው ጉበቱን ታመመ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ማነው?»

«ማንም አይደለም። ለባዮሎጂ ነው።»

«ጠጪ ነዋ!» አለች አሙ የሱፉን ልጣጭ እፍ እያለች። «ጉበት እኮ በቃ የመጠጥ ነው። የኛ ሰፈር ሰውዬ አረቄ ነው የጨረሰው።»

«የማይጠጣ ቢሆንስ?»

«አቦ ተይ ባክሽ! የማይጠጣ መስሎሽ ነው እንጂ። የተደበቀ ጠጪ ደግሞ ይብሳል፤ አንደኛውን ሼም ነው።» ከዚያ ዓይኗን አጠበበች። «ቆይ፣ ባዮሎጂ ላይ እንደዚህ የሚል አለ እንዴ? ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም» አለች ዳግማዊት። አባቷ ልክ ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሆቴሉ በኩል አለፈች። ከፋለ ወንበሩ ላይ ነው። እጁ ላይ በግማሽ የቀረ ለስላሳ አለ፤ እግሩ ሥር ባዶ ጠርሙስ።

«ነፋኝ» አለ ሳትጠይቀው።

ዳግማዊት አጠገቡ ካለው የድንጋይ እርከን ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ያንን ለእንግዶቹ የምትነግራቸውን ንገረኝ እስቲ።»

«የቱን?»

«የቦዩን።»

ፊቱ በራ። ይህን የሚጠይቀው ሰው ከመጣ ስንት ጊዜው ነው! ከወንበሩ ተነሳ፤ ድምፁም አብሮት ተነሳ። «እንግዶቼ ሆይ፣ ሁላችሁም ዓምዱን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። እኔ ግን ወደ ታች እዩ እላችኋለሁ። ይህን ቤት ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ዓምዱ ብቻ አይደለም፤ ይኼ የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። ጠራቢዎቹ ዝናቡ የት ይሄዳል ብለው አስበውበታል። ቦዩ ከተደፈነ ውኃው ይቋጠራል። ውኃው ከተቋጠረ ደግሞ ግድግዳው…»

ቆመ። ጠርሙሱን አየ። ልጁን አየ።

«አንቺ ልጅ! በገዛ ንግግሬ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሆቴሉ በር ላይ የነበረው ዘበኛ ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ከፋለ የቀረውን ለስላሳ አበባው ሥር ደፋው፤ አረፋው አፈሩ ላይ ሲፈላ ሁለቱም አዩት። «በቃኝ። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ።»

«ለእማዬስ?»

«እሱን ተይው።»

ዳግማዊት እስከ ማታ ድረስ ቀለል ብሏት ዋለች። ማታ ግን እናቷ መኮሮኒውን አቀረበች፤ ቅቤው ሳህኑ ዳር ላይ ተንጣሏል። ከፋለ እጁን ወደ ሳህኑ ላከ፣ መለሰ፣ እንደገና ላከ። በላ። ለስላሳውን መድፋት ይችላል። የሚስቱን እጅ ግን ምክንያቱን ሳይናገር ሊመልስ አይችልም። ዳግማዊት ይህን ያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳችው።

ቅዳሜ እታገኘሁ የምሥራች ይዛ መጣች። «የንስሐ አባታችንን ለምኛቸዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ጾሙን ይፈቱልሃል።»

ከፋለ ማኘኩን አቆመ። «ጾሙን?»

«እንዴታ! በዚህ ጨጓራ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ባቄላ ልትበላ ነው? ወተቱንም ቅቤውንም አላቋርጥብህም።»

ሃምሳ አምስት ቀን። ዳግማዊት የአባቷን ዓይን ፈለገች። ከፋለ ዳቦውን እያየ ነበር።

መምሬ ኢያቄም እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ ሲናገሩ የማይስቁ ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱም ተራ በተራ መስቀል ተሳለሙ። ወንበር ተሰጣቸው፤ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እህ፣ ከፋለ። ጨጓራ ያዘህ አሉ።»

«አዎ አባቴ» አለ ከፋለ። ድምፁ ከደረቱ አልወጣም።

«እርስዎም ያውቁታል፣ አባታችን፤ ጾም የሚገድፍ ሰው አይደለም» አለች እታገኘሁ። «አሁን ግን ሆዱ ተነፍቶ እንቅልፍ የለውም። ባቄላውን፣ በርበሬውን እንዴት ይችለዋል? በዚህ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ሊውል!»

«ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። ግን እኔም በወሬ አልፈታም። ሐኪም አይቶታል?»

«አይቶታል እንጂ! ዳጊ ናት ይዛው የሄደች። እሷ ትንገርዎ።»

መምሬ ወደ ዳግማዊት ዞሩ። «ነይ፣ ልጄ። ሐኪሙ ምን አለ?»

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲባል የከረመ፣ አፍ የለመደው ቃል ነው። አባቷ አያስፈራራትም ነበር፤ ዓይኑ ይለምናታል እንጂ። እናቷ በበኩሏ በርቺ እንደማለት ራሷን ትነቀንቅላታለች። ዳግማዊት የመምሬን መስቀል አየች። ያቺን ቃል ብትናገር መስቀሉ ይነሳል፤ ውሸቱ ይባረካል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። እናቷ በፍቅር፣ አባቷ በዝምታ፣ በየቀኑ አንድ ሳህን፣ አንድ ሳህን።

«አባቴ፣ ሐኪሟ ጨጓራ አላለችም» አለች።

«ዳጊ?» አለች እናቷ።

«ምን እንዳለች አባዬ ያውቃል። እኔ አልናገርም።»

ውጭ የሆነ ሰው በግ እየነዳ አለፈ። በጉ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ራቀ። ከፋለ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን ያይ ነበር።

«ጉበቴ ነው» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረ። ስቡን፣ አንጀቱን፣ ለስላሳውን፣ ወረቀቱን። ሁለቱን ጣት እንኳ አልደበቀም። ሲናገር አንድም ጊዜ ወደ ዳግማዊት አልዞረም። «ጠጪ ነህ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው» ብሎ ጨረሰ።

መምሬ ኢያቄም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለፈው የማርያም ማኅበር ሦስተኛውን ጠርሙስ ‹በሞቴ› ብዬ የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። አሁን ለኔ ማን ንስሐ ይስጠኝ?»

መሳቅ ይገባ እንደሆነ ማንም አላወቀም። እታገኘሁ አልሳቀችም።

«ተደብቆ ይጠጣል ብዬ የማምን መስሎህ ነው?»

«ሰው እኮ…»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? ሚስትህ ነኝ! አሥራ ሰባት ዓመት አጠገብህ ተኝቼ ትንፋሽህን የማላውቅ መስሎህ ነው?»

መምሬ መስቀላቸውን በጣም በትኩረት መመርመር ጀመሩ።

«አንድ ሳምንት ሙሉ!» አለች እታገኘሁ፤ ድምፏ ተሰበረ። «አንድ ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ ቅቤ ሳጠጣህ! ዝም ብለህ ትጠጣለህ?»

ከፋለ አንገቱን ደፋ። «ጥሩ ነበር እኮ» አለ በቀስታ።

እታገኘሁ ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ግን መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ከፋለ ተነስቶ አጠገቧ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ ትከሻዋን ያዛት።

«እንግዲህ» አሉ መምሬ ኢያቄም ጭራቸውን እያነሱ፣ «ሰዓቱን እፈታልሃለሁ፤ ውኃህን ጠጣ፣ በጊዜ ብላ። ምግቡን ግን አልፈታልህም። ባቄላና ምስር ብላ ያለችህን ሐኪም እኔ በፋሲካም አልቃወማትም።» ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ወሬው ወጥቶ ሰው አንድ ነገር ቢልህ፣ ወደኔ ላከው።»

ዳግማዊት ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ እናቷ ከኋላዋ መጣች። ዓይኗ ገና ቀይ ነው።

«ሰኞ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃል ሰጥቼው ነበር።»

«ለኔስ?»

እናቷ መልስ አልጠበቀችም። ጭንቅላቷን ስባ ሳመቻትና ከመደርደሪያው ላይ የባቄላውን ቁና አወረደች።

አባቷ ግን ያን ቀን ሙሉ አላናገራትም። አልተቆጣትም፤ አላናገራትም ብቻ። «ጨው አቀብይኝ» ሲል እንኳ ለእናቷ ነው የሚለው፤ ጨው ያለው ግን ዳግማዊት አጠገብ ነበር።

ሰኞ ማለዳ በሩ ሲንቋቋ ነቃች። ከፋለ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ድሮ ተራራ የሚወጣበትን ጫማ ያጠልቃል። ጫማው ሻግቷል፤ በጨርቅ ይጠርገዋል። ቀና ሳይል «ትመጫለሽ?» አለ።

ዳግማዊት ሹራቧን ደረበች።

በአሸተን ማርያም መንገድ ቤቶቹን አልፈው ዳገቱን ያዙ። ብርዱ አፍንጫ ይነድላል፤ የገብሱ ማሳ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል።

«ተቀይሜሻለሁ» አለ ከፋለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም አለ።»

«ብዙ ነው?»

ከፋለ ቀና ብሎ ዳገቱን ለካው። «እስከዚያች ወይራ ድረስ።»

«እሺ» አለች ዳግማዊት። ወይራዋ ሩቅ አልነበረችም።

ወይራዋ ጋ ሲደርሱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ቀጥ ይላል፤ ድንጋዩ እንደ ደረጃ ይሆናል። የአባቷ ትንፋሽ እየተቆራረጠ መጣ። ዳግማዊት ሰማችው፤ ዞራ ግን አላየችውም። ድሮ እሷን አዝሎ እየዘፈነ የወጣው በዚህ በኩል ነው።

ከላይ ሁለት ወጣት አስጎብኚዎች እየዘለሉ ይወርዱ ነበር። ከሩቅ አወቁት። «ጋሽ ከፋለ! ኧረ እንዴት ነው? ተመለሱ እንዴ?» አለ አንደኛው።

«ተመለስኩ!» አለ ከፋለ። ደረቱን ነፋ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ፊቱ ቀላ። «እስከ ላይ ነን!»

ልጆቹ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ ወሬ ጀመሩ። ከፋለ አፉን ገጥሞ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ግንባሩ ላይ ላብ ወርዷል። አረፍ እንበል እንደማይል ዳግማዊት አወቀች፤ በነዚህ ልጆች ፊት ቢወድቅ እንኳ አይልም።

«ቆይ፣ አባዬ» አለች። «የጫማዬ ክር ተፈታ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አባቷም «ካልሽማ» ብሎ አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ዳግማዊት ጎንበስ ብላ በእጇ ከለለችው፤ ቋጠሮውን ፈታች፤ ክሩን ከታችኛው ቀዳዳ ጀምራ በሙሉ አወጣችው። ከዚያም የአባቷን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቀዳዳ፣ በዝግታ መልሳ ማስገባት ጀመረች።